ከዊንጌት እስከ መርካቶ፤ ያገለገለ የሬዲዮ መመርመሪያ ፍለጋ

ከመርካቶ ወይም ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ የቅዱስ ጳውሎስን ሆስፒታል አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ የታክሲው ረዳት «ዊንጌት ወራጅ አለ?» እያለ ሲጠይቅ ይሰማል። በዚህ ስፍራ መንገዱ ሰፋ ይላል፤ በስተ ቀኝ የእንጦጦ ተራራ ባሕር ዛፉን ለብሶ ይታያል፤ ወደ ፊት የሚቀጥለው ጐዳና አስኮን አልፎ ወደ ቡራዩ፣ ከዚያም ወደ አምቦ ይዘልቃል። ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ስለሚበርድ ነጠላውን ደርቦ፣ ጃኬቱን ቆልፎ የሚጣደፈው ሰው ብዙ ነው። ተማሪው፣ በሽተኛ ጠያቂው፣ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ሁሉ እዚህ ይገናኛል።

ከወራጁ መካከል ዊንጌት የሰው ስም መሆኑን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ኦርድ ዊንጌት የእንግሊዝ መኰንን ነበር። በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው የአገራቸውን ድንበር ሲሻገሩ አብሯቸው ነበረ፤ የጌዴዎን ኃይል የተባለውን አነስተኛ ጦር እየመራ ከአርበኞች ጋር በጎጃም ተዋጋ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡም አብሮ ገባ። በመጋቢት 1936 ዓ.ም. በሕንድ አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በ1938 ዓ.ም. በጉለሌ የተከፈተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ ተጠራ። ያ ትምህርት ቤት ብዙ ስመ ጥር ሰዎችን አፍርቷል፤ ግቢው ዛሬ የቴክኒክና የሙያ ኮሌጅ ሆኗል። ስሙ ግን የግቢውን አጥር አልፎ ሰፈሩንም፣ አደባባዩንም፣ የታክሲ ማቆሚያውንም ወርሷል።

አንባቢዎች ሆይ፤ ወደዚህ ሰፈር ይዣችሁ የመጣሁት ስለ አንድ ሣጥን ላጫውታችሁ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የሙያ ትምህርት ባለበት አካባቢ ካውያና ስታኞ የያዘ ወጣት አይታጣም። በዊንጌት ዙሪያ ስልክ የሚጠግን፣ ቴሌቪዥን የሚሠራ፣ ዲሽ የሚያስተካክል ሞልቷል። የሬዲዮ መገናኛ የሚያድስ ግን በጣት የሚቈጠር ነው። ይሁን እንጂ የእጅ ሬዲዮ መገናኛ ከአገልግሎት አልወጣም። የሆቴል ጥበቃ፣ የሕንፃ ሥራ ተቈጣጣሪ፣ የአምቡላንስ ሠራተኛ ዛሬም ይነጋገርበታል። እርሱ ሲበላሽ ጠጋኙ የሚያደርገው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ባትሪውን ይለውጣል፤ አንቴናውን ይለውጣል፤ ከዚያም ወደ ጆሮው አስጠግቶ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። መልስ ከሰማ ዳነ፣ ካልሰማ ሞተ ይባላል።

በጆሮ የሚሰጥ ፍርድ ግን ያሳስታል። አንድ ደኅና የእጅ ሬዲዮ ከአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ሩቡን ብቻ የሚያህል ደካማ ሞገድ ተቀብሎ ንግግሩን አጥርቶ ማሰማት ይችላል። መቀበያው ተዳክሞ የዚህ ስምንት ወይም ዐሥር እጥፍ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ፣ ጥበቃው ከበሩ አጠገብ ሆኖ ሲሞክረው ይሰማል፤ ከጓሮው ሲደርስ ግን አይሰማም። ጠጋኙ በሱቁ ውስጥ «ሠርቷል» ብሎ ገንዘቡን ይቀበላል። ሬዲዮው ሠርቶ የማይሠራ ይሆናል ማለት ነው። አስተላላፊው ከተመደበለት የሞገድ ቍጥር ፈቀቅ ያለ ከሆነም የራሱን ሰው ሳያገኝ የጎረቤቱን ንግግር ያውካል። የጥበቃ ሬዲዮ ሲሆን ነገሩ ያስቃል፤ የአምቡላንስ ሲሆን ግን አያስቅም።

እንግዲህ ይህን በግምት ሳይሆን በልክ የሚያሳየው ዕቃ የሬዲዮ መገናኛ መመርመሪያ ይባላል፤ ባለሙያዎች «ኮሙኒኬሽን ቴስት ሴት» ይሉታል። የሐኪምን ክፍል አስቡ፤ የልብ ማዳመጫው፣ የሙቀት መለኪያው፣ ሚዛኑ፣ የደም ግፊት መለኪያው በአንድ ሣጥን ተሰብስበው ቢገኙ ምንኛ በተመቸ! ይህም እንደዚያው ነው። ሞገድ ይፈጥራል፣ ሞገድ ይቀበላል፣ የአስተላላፊን ኃይል በዋት ይለካል፣ የሞገዱን ቍጥር ያነባል፣ ድምፁ ሞገዱን ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝበትን ስፋት ያሳያል። ይህ ስፋት 25 ኪሎሄርትዝ በሆነ መሥመር ላይ ከ5 ኪሎሄርትዝ፣ 12.5 ኪሎሄርትዝ በሆነ ጠባብ መሥመር ላይ ደግሞ ከ2.5 ኪሎሄርትዝ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ይህንን በጆሮ የሚለይ ሰው የለም።

አዲሱን መግዛት ለአንድ መምህር የማይታሰብ ነው። ያገለገለው ራሱ የብዙ ወር ደመወዝ ይጠይቃል። ፊዚክስ ሳስተምር የሞገድን ነገር በጠመኔ ብቻ ማስረዳት ስለ ሰለቸኝ፣ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ አንድ እንዲኖረኝና ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ወጣቶች መጥተው እንዲለኩበት አሰብሁ። ስለዚህ ገንዘቤን ቈጥሬ ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ብዙ ሰው ወደሚሄድበት ነው። ከዊንጌት በጳውሎስ በኩል ቍልቍል ወርጄ መርካቶ ገባሁ። መርካቶ የተጣለ ዕቃ ዳግመኛ የሚወለድበት አገር ነው። በምናለሽ ተራ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው ጫማ፣ ጣሳው ኩራዝ ሲሆን የኖረ ነው። በዚያም መካከል አልፎ አልፎ ከመሥሪያ ቤት በሐራጅ የወጣ፣ ባለሙያውም ነጋዴውም ስሙን የማያውቀው መሣሪያ ይገኛል። በደላላ ምሪት አንድ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ይህን መሰል ነበር። ባለ ሰፊ መስታወት፣ ባለ ብዙ ቍልፍ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነው። የሠሪውን ስም አልጠቅስም፤ ከሠሪው ቤት ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነገር የሠሪው ጥፋት አይደለምና።

ነጋዴው ሶኬቱን ሰካ፤ መስታወቱ በራ። «ወንድሜ፣ ኦሪጂናል ነው! ይኸው በራ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ።

«ትንሽ ልፈትሸው» አልሁት።

«ፈትሸው፤ የሚፈራ የለም።»

አንባቢዎች ሆይ፤ ያን ቀን ያደረግሁትን በተራ እነግራችኋለሁ፤ ለሬዲዮ መመርመሪያ ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም ያገለገለ መለኪያ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

አንደኛ፣ ከመሰካቱ በፊት የጀርባውን ጽሕፈት አነበብሁ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ሣጥን ግን ለ110 ቮልት የተመደበ ሊሆን ይችላል። መቀየሪያ ካለው የት ላይ እንደ ቆመ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አለማየት ግን ሣጥኑን ሙሉ ያቃጥላል። ቀጥሎ አሸተትሁት። የተቃጠለ ነገርና የፈሰሰ ካፓሲተር ሽታቸው አይደበቅም። ነፋስ መሳቢያው መዞሩንም በእጄ አረጋገጥሁ።

ሁለተኛ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሞቅ ተውሁት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ልቡ የሚመታው በ10 ሜጋሄርትዝ ክሪስታል ነው፤ ክሪስታሉ ሳይሞቅ የሚነበብ ቍጥር አይታመንም። ከሞቀ በኋላ ቁራጭ ሽቦ እንደ አንቴና ሰክቼ ኤፍ.ኤም. አዲስን በ97.1 ሜጋሄርትዝ፣ ፋናን በ98.1፣ ሸገርን በ102.1 ፈለግሁ። እነዚህ ጣቢያዎች ለእኛ የነፃ ማስመስከሪያ ናቸው። አንድ የኤፍ.ኤም. ጣቢያ ከተመደበለት ሞገድ ከ2,000 ሄርትዝ በላይ እንዳይስት የዓለም አቀፍ ደንብ ያስገድደዋል። ሦስቱም ጣቢያዎች በአንድ አቅጣጫና በተመሳሳይ መጠን የሳቱ መስለው ቢታዩ፣ ስሕተቱ የጣቢያዎቹ ሳይሆን የሣጥኑ ነው። ሦስት ምስክሮች በአንድ ቃል የሚናገሩትን ዳኛ ይቀበላል። ነጋዴው ሱቅ ያለው ሣጥን በዚህ ፈተና ደኅና አለፈ፤ እኔም ልቤ መሞቅ ጀመረ።

ሦስተኛ፣ የኪስ ኤፍ.ኤም. ሬዲዮ ይዤ ስለ ነበር ማንም በማያሰራጭበት ቍጥር ላይ ከፈትሁት። ከሣጥኑ የሚወጣውን ደካማ ሞገድ በዚያው ቍጥር አደረግሁና ፉጨቱን በኪስ ሬዲዮዬ አዳመጥሁ። ከዚያ ኃይሉን በ10 በ10 ዴሲቤል ቀነስሁ። ደኅና ሣጥን ቢሆን ፉጨቱ ደረጃ በደረጃ እየደከመ ሄዶ በሽርታው ውስጥ ይሰጥማል። ይህ ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ድንገት ጠፋ፤ አራተኛው ላይ ተመልሶ መጣ፤ አምስተኛው ላይ እንደ ገና ጠፋ። ይህ ማለት «አቴኑዌተር» የተባለው የሞገድ ማድከሚያ ክፍል ተጎድቷል ማለት ነው።

እንዴት እንደ ተጎዳም መገመት ይቻላል። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ላይ ከአንድ በላይ መግቢያ አለ። አንደኛው የአስተላላፊን ኃይል፣ በብዙ ዋት የሚቈጠረውን፣ ሊሸከም የተሠራ ነው፤ ሌላው ለደካማ ሞገድ ብቻ ነው። ያላወቀ ሰው በስሕተት 5 ወይም 25 ዋት በደካማው በር ከሰደደበት፣ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ክፍሎች በአንድ ቅጽበት ይቃጠላሉ። መስታወቱ ግን መብራቱን አይተውም። በደማቅ መስታወት የሚታለል ሰው የሚከስረው በዚህ ነው።

ለነጋዴው ነገርሁት። «እሱ ቀላል ነው፤ ያሠሩታል» አለኝ። ከማን ዘንድ ይሠራል ብዬ ብጠይቀው መልስ አልነበረውም። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ፤ ተሰናብቼው ወጣሁ።

ስለ ማሠራት ነገር ከተነሣ ደግሞ ይህን ማወቅ ያሻል። በዓለም ላይ በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ መመርመሪያዎች ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት የተሠሩት ናቸው፤ ማርኮኒ 2955፣ ኤች.ፒ. 8920፣ አይ.ኤፍ.አር. 1200 የተባሉት ስማቸው ይነሣል። ሁሉም እስከ 1,000 ሜጋሄርትዝ ይሠራሉ፤ ለተራው የእጅ ሬዲዮ ከበቂ በላይ ነው። የሠሪዎቹ ቤት ግን እጅ በእጅ ተላልፏል። ማርኮኒ ኢንስትሩመንትስን እ.ኤ.አ. በ1998 አይ.ኤፍ.አር. ገዛው፤ እርሱንም በ2002 ኤሮፍሌክስ ገዛው። የኤች.ፒ. የመለኪያ ክፍል በ1999 አጂለንት፣ በ2014 ኪሳይት ተባለ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛ ሰው ፋብሪካውን አይመካም፤ የሚመካው በጥገና መጽሐፉና በራሱ እጅ ነው። መጽሐፍ የሌለው ሣጥን ካርታ እንደሌለው በረሓ ነው። በሌላ በኩል እነዚህ አሮጌ ሣጥኖች በዲጂታል የሚነጋገሩትን አዲሶቹን ሬዲዮዎች ንግግር መፍታት አይችሉም፤ ኃይላቸውንና የሞገድ ቍጥራቸውን ብቻ ይለካሉ። ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል።

በስልክ ፎቶግራፍ እየታዩ በውጭ አገር የሚሸጡም አሉ። ዋጋቸው ሲነበብ ያስደስታል፤ ነገር ግን ከ15 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ በአውሮፕላን ሲጫን፣ ቀረጡ ሲታሰብ፣ የሬዲዮ መሣሪያ ስለሆነም ፈቃድ ሲጠየቅበት ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

በማግሥቱ ወደ ዊንጌት ተመልሼ ከመንገድ ገባ ባለች ጠባብ ሱቅ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ሠሪ ነገሩን አጫወትኋቸው። ጋሼ ብዙ ዓመት የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ታሪኬን ጨርሼ ሳበቃ ዝም ብለው ተነሡና ከመደርደሪያው ሥር በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ ነገር አሳዩኝ። ራሱ ነው፤ መመርመሪያ! ከመርካቶው ይልቅ ያረጀ፣ መስታወቱ ትንሽና ብርሃኑ የደከመ፣ የሞገዶችን ገጽታ በሥዕል የሚያሳየው ክፍል የሌለው ነው።

«ይሸጡታል እንዴ፣ ጋሼ?» አልኋቸው።

«ዐይኔ ደከመ፤ ሱቁንም ልጆቼ ዝጋው ይሉኛል። ቆራሊዮው ባለፈው ሳምንት መጥቶ በኪሎ ልውሰደው አለኝ። ሃያ ዓመት እንጀራ የበላሁበትን ዕቃ በኪሎ ልስጠው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያልጠየቅኋቸውን ሁሉ ነገሩኝ። «መስታወቱ ለመብራት አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። የማስታወሻ ባትሪው ሞቷል፤ ባጠፋኸው ቍጥር የመዘገብከውን ይረሳል። ይህች መዘውር አንዳንድ ጊዜ ትዘላለች፤ አፅዳት። ማድከሚያውን ግን አትጠራጠረው፤ ከእኔ በቀር የነካው የለም» አሉ። መጽሐፉንም አወጡልኝ፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቈረ፣ በየገጹ በእርሳስ ማስታወሻ የተጻፈበት ነው። ሦስቱን ፈተናዎች እዚያው አደረግሁ። ጣቢያዎቹ በየቦታቸው ተገኙ። የኪስ ሬዲዮዬ ፉጨት ደረጃ በደረጃ፣ እንደ ሚገባው ደክሞ ሰጠመ። ጋሼ 5 ዋት የተጻፈበትን የራሳቸውን የእጅ ሬዲዮ በትክክለኛው በር አገናኙና ሲጫኑት 4.6 ዋት አነበበ፤ ከባትሪ ለሚሠራ ሬዲዮ መልካም ነው።

ከሁለቱ የትኛውን መረጥሁ ብላችሁ የምትጠይቁኝ አይመስለኝም። ምክንያቱን ግን ልንገራችሁ። የመርካቶው ሣጥን የሚችለው ሥራ በዝርዝር ቢጻፍ ከጋሼ ሣጥን እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን የመለኪያ ዋጋ የሚችለው ነገር ብዛት ሳይሆን የሚናገረው ቃል እውነትነት ነው። ጕድለቱ የታወቀ ዕቃ ጤናው ካልታወቀ ዕቃ ይሻላል። የደከመ መስታወት ሥራውን ያዘገያል እንጂ አይዋሽም፤ የተጎዳ ማድከሚያ ግን ያለ ኀፍረት ይዋሻል። በሐሰተኛ መለኪያ የሚሠራ ጠጋኝ በጆሮው ከሚፈርደው ይብሳል፤ ያኛው ቢያንስ መጠራጠርን አልተወም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶች ቃል ለሰው ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛም የያዘውን ሰው እጅ ማየት ይገባል።

ዋጋውን በሁለት ጊዜ እንድከፍል ፈቀዱልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስገቡኝ፤ «ለመማር የመጣውን ልጅ እንዳትከለክለው» አሉ። ሲደክማቸውም ቡና ለመጠጣት እየመጡ ከጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጣሉ።

የቤት ጠረጴዛ የምታሰናዱ ካላችሁ ሦስት ነገር አትርሱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያመጣውን ድንገተኛ ኃይል የሚከላከል ስታብላይዘር ከሣጥኑ በፊት ይገዛ። የአሮጌ ሣጥን መስታወት በውስጡ ብዙ ሺሕ ቮልት ስለሚይዝ ያልሠለጠነ እጅ ክዳኑን አይክፈት፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ኃይሉ ጥቂት ጊዜ ይቈያል። ሦስተኛው ሕግ ነው። መለካት ሌላ፣ ወደ አየር ማሰራጨት ሌላ ነው። በአገራችን ሞገድን የሚያስተዳድረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ክልክል ነው። ስለዚህ አስተላላፊ ሲመረመር ኃይሉ በኬብል ወደ ሣጥኑ ይግባ እንጂ በአንቴና አይውጣ። ከዓለም ጋር በሞገድ መነጋገር የሚሻ ወጣት ሕጋዊ መንገድ አለው፤ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ በ«ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ.» መጥሪያ ይታወቃል። «ኢ.ቲ.» የተባሉት ፊደላት ለኢትዮጵያ የተመደቡ ናቸው።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ፣ ከምድር ሆኖ ከእርሷ ጋር የሚገናኘው ጣቢያ የተሠራው ከዊንጌት በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በእንጦጦ ነበር። ተራራው ላይ ከኅዋ የመጣ ሞገድ ሲያዳምጡ፣ ከሥሩ ያለው ልጅ የሞገድን ልክ በዐይኑ ሳያይ ማደጉ ያሳዝናል። ያገለገሉ መመርመሪያዎች በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ በየጡረተኛው መደርደሪያ ሥር ዛሬም ተቀምጠዋል። ቆራሊዮው በየጠዋቱ በየበሩ ያልፋል፤ ሚዛኑም በትከሻው ነው። እናንተም በቤታችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ አቧራ የለበሰ ሣጥን ካለ፣ በኪሎ ከመሸጡ በፊት አንድ የሚማር ልጅ ጥሩና አሳዩት።